ከመቀነት እስከ ስልክ፤ የወር ወጪን በጥሬ ብር መያዝ

ደመወዝ ከገባ 19ኛ ቀኑ ነበር። በማግሥቱ እሑድ እቁብ አለብኝ፤ የምጥለው 2,000 ብር ነው። ራት ተበልቶ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስልኬን አነሳሁና ቀሪ ሒሳቤን አየሁ። 212 ብር ይላል። ደግሜ አየሁት፤ ያው 212 ነው። «ተሰርቄአለሁ» አልኋት ባለቤቴን። እሷ ግን አልደነገጠችም። የትልቁን ልጅ አሮጌ ደብተር አመጣችና «እስቲ የክፍያውን መልእክት አንድ በአንድ አንብብልኝ፤ እኔ ልጻፍ» አለችኝ።

እስከ እኩለ ሌሊት ስንጽፍ አመሸን። መምህር ነኝ፤ የማስተምረው እዚሁ መካነ ሰላም ነው። በዚያ ወር ግብርና ጡረታ ተቆርጦ 12,000 ብር ገብቶልኛል። ከዚህ ውስጥ 2,500 ለቤት ኪራይ፣ 1,000 ለእናቴ፣ 1,200 ደግሞ ለገበያ በጥሬው ያወጣሁት ነው፤ ይህን አውቀዋለሁ። የማላውቀው ሌላው 7,050 ብር ነበር። በ61 ክፍያ ነው የሄደው። 24ቱ ሻይ፣ ቡናና ምሳ ናቸው፤ 2,160 ብር። 13ቱ የስልክና የኢንተርኔት ጥቅል፤ 780 ብር። 9ኙ ባጃጅ፤ 360 ብር። ሌላ 9 ከሱቅ የተገዛ ዕቃ፤ 1,850 ብር። 6ቱ ደግሞ የሰርግ መዋጮና «እስከ ሰኞ ላክልኝ» ላሉ ወዳጆች የተላከ ነው፤ 1,900 ብር። የቀረችው 38 ብር የአገልግሎት ክፍያ ናት። ሒሳቡ አንዲት ብር አልጎደለም። ሌባ የለም።

እቁቡን አለመጣል አይቻልም። ዕጣው ቀደም ብሎ ወጥቶልኝ ገንዘቡን በልቼዋለሁ፤ እኔ ባልጥል የሚጥልልኝ ዋሴ ነው። ዋሴ ደግሞ አብሮኝ የሚያስተምር፣ ደመወዙ ከእኔ የማይበልጥ፣ ሦስት ልጆች ያሉት ሰው ነው። ስለዚህ እዚያው ስልኬ ላይ ፈጣን ብድር ጠየቅሁ፤ ወዲያው ገባልኝ። የየትኛው ድርጅት መሆኑ ለዚህ ጽሑፍ አይጠቅምም፤ ጥፋቱም የእኔ እንጂ የአበዳሪው አይደለም። እሑድ ጠዋት እቁቤን ስጥል ዋሴ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ስለ እግር ኳስ ያወራ ነበር። ቀና ብዬ ላየው አልቻልሁም። በሚቀጥለው ወር ደመወዙ ገና ከመግባቱ ብድሩ ከነክፍያው ተቆረጠ፤ በጎደለው ላይ እንደገና ተበደርሁ። ከዚህ አዙሪት ለመውጣት ሦስት ወር ፈጅቶብኛል።

ውድ አንባቢያን፣ የወጣሁበትን መንገድ ከመናገሬ በፊት ግን እዚህ እኛ ዘንድ ሰው በምን በምን እንደሚከፍል ላስረዳ። መፍትሔውን ያገኘሁት ከዚያው ውስጥ ነውና።

በመካነ ሰላም በምን ይከፈላል?

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ የቦረና ወረዳ መቀመጫ ናት። ከደሴ በስተምዕራብ፣ ደጋውን አቋርጠው የሚደርሱባት ከተማ ስትሆን ከእሷ ወዲያ ምድሩ ወደ አባይ ሸለቆ ይወርዳል። የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክም በዚሁ አካባቢ ነው። እንግዲህ ከተማ ትሁን እንጂ ኑሮዋ ከገበሬው ጋር ነው፤ ገበሬው ሲይዝ ነጋዴው ይይዛል፤ ገበሬው ሲያጣ ሁሉም ይቀዘቅዛል።

ሱቅ ቢገቡ ግድግዳው ላይ የተለጠፈች ወረቀት አለች። የሁለት ወይም የሦስት ባንክ ሒሳብ ቁጥርና የስልክ ቁጥር ተጽፎባታል። የሚከፍለው ሰው ስልኩን ያወጣል፣ ይልካል፣ «ገባ?» ይላል። ባለሱቁ የራሱን መልእክት ሳያይ ዕቃውን አይለቅም፤ ሐሰተኛ ስክሪንሾት ይዞ የሚመጣ ስላለ ልክ ነው። ኢንተርኔት ያለው በመተግበሪያ፣ የሌለው ደግሞ ለቴሌብር *127#፣ ለንግድ ባንክ *889# ብሎ በተራ ስልክ ይከፍላል። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አሉት። ሲቢኢ ብር ከእሱ ቀድሞ፣ ኤምፔሳ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ተከትሎ መጥቷል። አብቁተ ብለን የምናውቀው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በ2014 ዓ.ም. ጸደይ ባንክ ሆኗል፤ በየገጠሩ ያለው ሰው መጀመሪያ የቁጠባ ደብተር የያዘው በአብዛኛው በእሱ በኩል ነው።

ከሱቁ ወጥተው ወደ ገበያው ሲወርዱ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንድ የገበያ ቀን ዕንቁላል ከሚሸጡ እናት ዘንድ ደረስሁ። የያዝሁት 200 ብር ብቻ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ዝርዝር የላቸውም። «እናቴ፣ በስልክ ልላክልዎት?» አልኋቸው።

«የኔ ጌታ፣ ስልኩ የልጄ ነው፤ እሱ ደግሞ አዲሳባ ነው። ብሩ እሱ ዘንድ ሄዶ እኔ ጨው በምን ልግዛ?» አሉኝ።

መልሳቸው ብዙ ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣም። እኒህ እናት ዕንቁላሉን ይዘው የመጡት ገንዘብ ለማግኘት ሳይሆን ጨው ለመግዛት ነው። የደጋው ሰው ከጥንትም የሚገበያየው እንዲህ ነው። ለገበያ የምትወጣ የገጠር እናት አስቀድማ የሚያስፈልጋትን ታስባለች፦ ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ለልጅ ደብተር። ከዚያ ይህንኑ የሚያክል ባቄላ ወይም ስንዴ ከጎታው ትቀዳለች። ገበያ ላይ በጣሳ ሰፍራ ትሸጣለች፤ ባገኘችው ብር ያሰበችውን ገዝታ ትመለሳለች። ጎታው የባንክ ሒሳቧ ነው፤ ከእሱ የምታወጣው ደግሞ በጀርባዋ ተሸክማ ነው። ለሻይ ብላ ሁለት ጣሳ ባቄላ ተሸክማ ሁለት ሰዓት የምትሄድ ሴት የለችም። ከፍ ላለው ወጪ፣ ለማዳበሪያ ወይም ለልብስ፣ በግ ይሸጣል። ያንን በግ ለመሸጥ ደግሞ ቤተሰቡ ተቀምጦ ይመክራል።

እኔ ግን 61 ጊዜ ስከፍል ማንንም አላማከርሁም።

ዱቤም አለ። የዱቤ መዝገብ የሌለው ሱቅ እዚህ ያለ አይመስለኝም። ለመምህር «ደመወዝ ሲገባ» ተብሎ ይሰጣል፤ ለገበሬው «አዝመራ ሲገባ» ተብሎ። ዱቤ ጥሩ ጎኑ ባለሱቁ ያውቀሃል፤ ዕዳህ ሲበዛ ፊቱ ይጠቁራል፣ አንተም ታፍራለህ። ስልክ አበዳሪ ፊት የለውም።

አሞሌና ጠገራ

ገንዘብ የሚከብድ ነገር የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ከአፋር የጨው ሜዳ እየተቆረጠ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው የሚወጣው አሞሌ ጨው ለዘመናት የገበያ መገበያያ ነበር። ዝናብ ያገኘው አሞሌ ይሟሟል፤ ስለዚህ ያለው ሰው ከጭስ አጠገብ ደረቅ ቦታ ፈልጎ ያኖረዋል። ለትልቁ ግብይት ደግሞ የማሪያ ትሬዛ ጠገራ ብር ነበር። እያንዳንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ዓመት ምንጊዜም እ.ኤ.አ. 1780 ነው። አያቶቻችን በንግሥቲቱ ዘውድ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ሳይቆጥሩ አይቀበሉም ነበር ይባላል። ዐፄ ምኒልክ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ የራሳቸውን መልክ ያለበት ብር ሲያስመቱ እንኳ ገበሬው ጠገራውን ቶሎ አልለቀቀም። 100 ጠገራ ማለት ወደ 3 ኪሎ የሚጠጋ ብር ነው። ያንን ተሸክሞ ሻይ ቤት የሚዞር ሰው አይታየኝም።

የወረቀት ገንዘብ በየቤቱ የተለመደው ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በተለይም በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ ወዲህ ነው። ወረቀት ቀለለ፤ ነገር ግን ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ይቋጠራል። እናቴ መቀነቷ ላይ ሦስት ቋጠሮ ነበራት። አንዱ የጨውና የጋዝ፣ አንዱ የእድርና የማኅበር፣ ሦስተኛው የእኛ የልጆቿ ደብተር ነው። የእድሩን ቋጠሮ ለደብተር፣ የደብተሩን ለጨው ስትፈታ አይቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ታናሽ እህቴ ታማ ሦስቱንም ፈታቻቸው፤ ያን ቀን ስታለቅስ ያየኋት ለሕመሙ ይሁን ለቋጠሮው እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። በመቀነቷ ውስጥ ስሙኒና ሽልንግ ነበር የበዛው፤ ዛሬ ሳንቲሙ ከገበያ ጠፍቶ ለልጆች ማሳያ ሆኗል።

ጥሬ ብር እንዲቀንስ መንግሥትም ገፍቶበታል። ብሔራዊ ባንክ በግንቦት 2012 ዓ.ም. አንድ ግለሰብ በቀን ከ200 ሺህ ብር በላይ በጥሬው እንዳያወጣ ወሰነ፤ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ጣሪያውን ወደ 50 ሺህ አወረደው። (እኛን መምህራንን ይህ ሕግ አንድ ቀንም ነክቶን አያውቅም።) በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ በአዲስ አበባ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ተደረገ፤ ቀጥሎ ወደ ክልሎች ሄደ። ነገሩ ለአገር ይጠቅማል፤ ሐሰተኛ ብርን፣ ዝርፊያን፣ ከባንክ ውጭ የሚከማች ገንዘብን ይቀንሳል። እኔ የምናገረው ስለ አገር ሳይሆን ስለ አንድ ቤት ነው።

ብሩ ከእጅ ሲወጣ

ባዕድ አገር ያሉ ምሁራን ይህንን አጥንተውታል። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሁለት ሰዎች፣ ድራዘን ፕሬሌክ እና ዳንከን ሲሜስተር፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን ለቅርጫት ኳስ ትኬት አጫረቷቸው። ግማሾቹ በጥሬ ገንዘብ፣ ግማሾቹ በክሬዲት ካርድ እንደሚከፍሉ ተነገራቸው። ካርዶቹ ያቀረቡት ዋጋ ከጥሬ ገንዘቦቹ በአማካይ እጥፍ ያህል በለጠ። ትኬቱ ያው ነው፤ የተለየው መክፈያው ነው። ሰው ገንዘብ ሲሰጥ የሚሰማው ሕመም አለ፤ ብሩን ቆጥሮ፣ ከኪሱ አውጥቶ፣ ሌላ ሰው እጅ ላይ ሲያኖር ሕመሙ ይበረታል፤ ቁጥር ሲጫን ይደነዝዛል ነው የሚሉት።

ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች፣ ፕሪያ ራጉቢር እና ጆይዲፕ ስሪቫስታቫ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ሌላ ነገር አሳይተዋል። ተመሳሳይ መጠን ያለው ገንዘብ በአንድ ትልቅ ኖት የያዘ ሰው በዝርዝር ከያዘው ይልቅ ለማውጣት ያመነታል፤ አንዴ ከዘረዘረው ግን አብዝቶ ያወጣል። ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለገኝም ነበር፤ ሐምራዊዋን 200 ብር ጠዋት ለ20 ብር ሻይ ዘርዝሬ ማታ ቤቴ በ30 ብር የገባሁባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። አሜሪካዊ ተማሪና የመካነ ሰላም መምህር አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ሆኖም 61ዱን መልእክት ስቆጥር ከነሱ ጋር ተስማምቻለሁ።

ጃፓኖች ደግሞ ካኬቦ የሚሉት የቤት ሒሳብ ደብተር አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1904 ያስተዋወቀችው ሐኒ ሞቶኮ የተባለች ጋዜጠኛ ናት። ገቢን፣ ወጪንና የሚቀመጠውን በእጅ መጻፍ ነው ነገሩ። የባለቤቴ ደብተር ሳታውቀው ካኬቦ ነበር ማለት ነው።

ስልኩም ቢሆን መቆጠቢያ የለውም ማለት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ በቴሌብር ላይ ሦስት አገልግሎቶች ጀምሯል፦ አነስተኛ ብድር የሚሰጠው «መላ»፣ ሒሳብ ሲያንስ ጉድለቱን ሞልቶ ክፍያውን የሚያስጨርሰው «እንደኪሴ»፣ እና የቁጠባው «ሳንዱቅ»። ስሞቹ ያማሩ ናቸው፤ ብቻ ድሮ «እንደ ኪሴ ነው የምኖረው» የሚል ሰው ኪሱ ባዶ ሲሆን ዝም ብሎ ቤቱ ይገባ ነበር። ዛሬ ኪሱ ይለጠጣል።

እኔ የማደርገው

ደመወዝ የገባ ዕለት፣ ሌላ ነገር ሳልነካ፣ ሦስት ክፍያ በስልክ እጨርሳለሁ። እቁብ 2,000፣ ኪራይ 2,500፣ ለእናቴ 1,000። የእቁቡን ለጸሐፊው አስቀድሜ እልካለሁ፤ እሑድ ሄጄ ስሜ ላይ ምልክት ሲደረግ ማየት ብቻ ነው የቀረኝ። ለእነዚህ ስልክ የሚያክል የለም። መጠናቸው አይለወጥም፣ ባያሙም ጥሩ ነው፤ እንዲያውም ሳላያቸው ቢሄዱ ይሻላል።

የቀረውን 6,500 ብር በጥሬው አወጣለሁ። ከኤቲኤም ሳይሆን ከባንክ መስኮት ነው የማወጣው፤ ማሽኑ ትልልቁን ኖት ነው የሚሰጠኝ። ገንዘብ ከፋይዋን «እባክሽ እህቴ፣ ግማሹን ሃምሳና አስር አድርጊልኝ» እላታለሁ፤ መጀመሪያ ላይ ትሰለች ነበር፣ አሁን ገና ስታየኝ ታዘጋጅልኛለች። ቤት ስደርስ በአምስት ፖስታ ይከፈላል። የገበያ 3,600፤ ይህ በአራት የገበያ ቀን ለያንዳንዱ 900 ነው። የመብራት፣ የውሃና የስልክ 500። የልጆች 400። የእድር፣ የለቅሶና የሰርግ 700። የእኔ ኪስ 1,300፤ በሳምንት 325 ማለት ነው። እህል በዚህ ውስጥ የለም፤ ባለቤቴ ልብስ ትሰፋለች፣ ከእሷ ገቢ የዓመቱን እህል በመኸር ዋጋው ሲረክስ እንገዛለን። የገበያው ፖስታ እሷ ጋ ነው የሚቀመጠው፤ የእኔ ኪስ እኔ ጋ።

ስልኬ ላይ የምተወው 100 ብር ብቻ ነው። ጥቅል እንኳ የምገዛው በወር አንድ ጊዜ ከፖስታው ነው። 13 ጊዜ በትንሽ በትንሹ ስገዛ 780 ብር የወሰደብኝ፣ አንዱን ወርኃዊ ጥቅል ስገዛ ግማሹን እንኳ አይደርስም።

ከፖስታ ወደ ፖስታ መበደር ክልክል ነው አልልም፤ ግን ባለቤቴ ሳታውቅ አይደረግም። ወረቀት ላይ «ከልጆች 100 ተወሰደ» ብሎ መጻፍ ያሳፍራል። እፍረቱ ጠቅሞኛል።

በጣም የከበደኝ ገንዘቡ ሳይሆን ሰው ነው። በእኛ አገር ሻይ ቤት ተቀምጦ የራስን ብቻ ከፍሎ መነሳት ነውር ነው። ድሮ «እኔ ልክፈል»፣ «በሞቴ»፣ «አይሆንም» እየተባለ በእጅ እየተያዘ ይታገሉ ነበር፤ ተራ ተራም ይደርሳል። ስልክ ሲመጣ ቀልጠፍ ያለው ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ የሁሉንም ከፍሎ ይጨርሳል። በዚያ የ19 ቀን መዝገብ ቀልጣፋው እኔ ነበርሁ። አሁን የሳምንቱን 325 ብር ይዤ እቀመጣለሁ፤ ያለኝ ቀን የሁሉን እከፍላለሁ፣ የሌለኝ ቀን «ዛሬ የአንተ ተራ ነው» እላለሁ ወይም ትምህርት ቤት እቀራለሁ። «እስከ ሰኞ ላክልኝ» ለሚለኝ ወዳጅም መልሴ እውነት ነው፦ ስልኬ ላይ ብር የለም። ቤቴ ድረስ መጥቶ ከጠየቀኝ ከፖስታው እሰጠዋለሁ። እስካሁን የመጡት ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም በእርግጥ የቸገራቸው ነበሩ።

ከሱቆቹ ጋር የነበረኝን ዱቤ በአንድ ሱቅ ብቻ ወሰንሁ፤ ያንንም በየገበያው ቀን ከ900ው ላይ እከፍላለሁ። ባለሱቁ «ጋሼ፣ ምነው ራቅኸን?» ብሎኝ ነበር። ነገርሁት። ሳቀና «እኔም ከስልኬ ላይ ሽያጩ ይታየኛል፣ ትርፉ ግን የት እንደሚገባ አላውቅም» አለኝ።

ጥሬ ብር የማያዋጣበት

ይህን ያነበበ ሰው ገንዘቡን ሁሉ ከባንክ አውጥቶ ሳጥን ውስጥ እንዳይከት እፈራለሁ። ጥሬ ብር ለመያዣ እንጂ ለማከማቻ አይሆንም። በጥቅምት 1969 ዓ.ም. ደርግ የብር ኖቶችን ሲለውጥ፣ በመስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው 200 ብር አዲስ ሲመጣ፣ በጎታ ሥርና በግድግዳ ውስጥ ያኖረ ሰው መሯሯጥ ነበረበት። የሁለተኛው መለወጫ ጊዜ ሦስት ወር ብቻ ነበር። ዋጋ ንረቱም አለ፤ በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተደረገ በኋላ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አልፏል። በ2010 ዓ.ም. ወደ 7 በመቶ ከፍ የተደረገው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድም ይህን አይሸፍንም። ስለዚህ ከወሩ የተረፈ ካለ የደጋውን ሰው ምክር ሰምተን ባለፈው ዓመት አንዲት ጠቦት ገዝተን እናቴ ዘንድ አኑረናል።

መንገድ ላይም ጥሬ ብር አይመከርም። ልጅ ታሞ ደሴ ድረስ መሄድ ቢመጣ ከኪስ ውስጥ ብዙ ብር ይዞ መኪና ላይ ከመሳፈር ባንክ ወይም ስልክ ላይ ማድረግ ይሻላል። ከዐረብ አገር እህት ወይም ልጅ የምትልከውም በባንክ ቢመጣ ይመረጣል፤ በአንዴ ጥሬ ሆኖ ቤት የገባ ገንዘብ ዘመድ ሁሉ ያየዋል።

በሌላ በኩል ስልኩ ብቻውን ያለበትን ቀን አይተናል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደሴ በጦርነቱ በተያዘችባቸው ሳምንታት፣ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ጊዜ፣ እጁ ላይ ጥሬ ብር የነበረው ሰው ነው ጨውና ሳሙና የገዛው። መተግበሪያው ባይከፈትም *127# የሚሠራበት ቀን ነበር፤ ኔትወርኩ ጭራሽ ሲጠፋ ግን ቁጥሩም አይረዳም። ለዚህ ብለን ከአምስቱ ፖስታ ውጭ 1,000 ብር በአስርና በሃምሳ አድርገን አኑረናል፤ እሱን ያለባለቤቴ ፈቃድ አልነካም፣ እሷም ያለእኔ አትነካም።

ዕቅዴ የማይገጥምባቸው ወራት አሉ። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ የገበያው ቀን አንዳንዴ አምስት ጊዜ ይመጣል፤ አምስተኛው 900 ከእኔ ኪስና ከሰርጉ ፖስታ ነው የሚዋጣው። ከሁሉ የምታስቸግረው ግን ጳጉሜ ናት። አምስት ቀን ትሁን ስድስት፣ ደመወዝ የላትም፤ ልክ ከዘመን መለወጫ በፊት፣ ልጆቹ ልብስና ደብተር ሲጠይቁ ትመጣለች። አምና ሳልዘጋጅ ያዘችኝና ዱቤ ገባሁ። ዘንድሮ ከመጋቢት ጀምሮ በየወሩ 150 ብር ከእኔ ኪስ ወደ ስድስተኛ ፖስታ እያደረግሁ ነው፤ ነሐሴ ሲያልቅ 900 ይሆናል። ፖስታው ላይ ባለቤቴ «ጳጉሜ» ብላ ጽፋበታለች። እናቴ ባለፈው ሳምንት መጥታ ስታየው «ይኸ ምንድን ነው?» አለችኝ። ነገርኋት። መቀነቷን ፈታ አደረገችና 50 ብር አውጥታ ጨመረችበት።